የማርቆስ አውሬልዮስ መጽሐፍና ዓምድ

የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ ለራሱ ምክር ይሆነው ዘንድ በጽርእ ቋንቋ የጻፈውን መጽሐፍ የሚያመሰግነው ብዙ ነው። እኔም በማስተማር ዘመኔ ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው ኖሬአለሁ። ዳሩ ግን አመስጋኞቹ መጽሐፉን የሰውዬው ሕይወት አድርገው መቍጠራቸው ደስ አያሰኘኝም።

ማርቆስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ121 ዓ.ም. ተወልዶ በ161 ነገሠ፤ በ180 ሞተ። ከፓርቴ ሕዝብ ጋር የተደረገውን ጦርነት የመራው አብሮት የነገሠው ሉክዮስ ዌሩስ ነው፤ ከዚያም የተመለሱት ወታደሮች ቸነፈር ይዘው መጡ። ቀጥሎ የጀርመን ነገዶች ዳንዩብን ተሻግረው እስከ ኢጣልያ ወርደው የአኵሌያን ከተማ ከበቡ። ይህን ጦርነት እርሱ አልፈለገውም። ገንዘብ ባነሰውም ጊዜ ግብር ከመጨመር ይልቅ የቤተ መንግሥቱን ዕቃ በሐራጅ ሸጠ ይባላል፤ ለዚህስ ይመስገን።

ከመጽሐፉ አንዱ ክፍል ካርኑንቱም በተባለው የጦር ሰፈር፥ ሌላው በኳዲ ሕዝብ አገር በግራን ወንዝ ዳር እንደ ተጻፈ መጽሐፉ ራሱ ያመለክታል። በዚያ ተቀምጦ ስለ ቍጣ፥ ስለ ትዕግሥት፥ ስለ ሞት ይጽፋል፤ ስለ ጦርነቱ ግን ዝም ይላል ማለት ይቻላል። በ10ኛው ክፍል ድንገት ሳርማትያውያንን ማርኮ የሚኰራውን ሰው ዝንብ ይዛ ከምትኰራ ሸረሪት ጋር ያስተካክለውና ከወንበዴ ይቈጥረዋል። ይኸው ሰው በ175 የሳርማትያ ድል አድራጊ የሚለውን ማዕርግ ተቀበለ፤ በዕርቁም 8,000 ፈረሰኞች ወስዶ 5,500ውን ከአገራቸው አርቆ ወደ ብሪታንያ ላካቸው።

ግብዝ ነበር አልልም፤ ለሰው እንዲታይለት አልጻፈውምና። የምነቅፈው ሌላ ነው። ሕሊናውን ሲመረምር የሚጠይቀው ዘወትር «ልቤ ጸጥ ብሏልን?» ነው፤ «በትእዛዜ በሰው ላይ ምን ደረሰ?» ብሎ አይጠይቅም ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። እንዲህ ያለ ምርመራ የመረመረውን ሰው ያሳርፈዋል፤ የታዘዘበትን ግን አያድነውም።

ስለዚህ መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ በሮማ ከተማ እስከ ዛሬ የቆመውን የማርቆስን ዓምድ ሥዕል ፈልጎ አብሮ ቢመለከት እወድዳለሁ። ዓምዱ ለክብሩ የተሠራ ሲሆን በ193 ተፈጽሞ ነበር፤ ቍመቱ ከነመቆሚያው ሳይቈጠር 30 ሜትር ያህል ነው። በዙሪያው መንደር ሲቃጠል፥ የምርኮኞች አንገት ሲቀላ ተቀርጿል። ጠራቢው ይህን ሁሉ የሠራው ለምስጋና ነው። በአንድ ስፍራም ልጇን ይዛ የምትሸሽ ሴት አለች፤ ወታደሩ በጠጕሯ ይዟታል።