የግምጃ ቤቱ ግድግዳ፦ በኮሌጅ ተውኔቶች የመድረክ ቅብ ድግግሞሽ ላይ የቀረበ አስተያየት

የኮሌጅ ተውኔት ሲተች ስለ ቃለ ተውኔቱ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱና ስለ ትወናው ብዙ ይባላል፤ ከተዋንያኑ ጀርባ ስለቆመው ግድግዳ ግን እምብዛም አይነሣም። ይኸው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከአምና ወይም ከካቻምና ትርኢት የተረፈ ነው። በእንጨት ማዕቀፍ ላይ አቡጀዲ ይወጠራል ወይም ኮምፔንሳቶ ይመታል፤ ትርኢቱ ሲያበቃ ተነቅሎ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ለሚቀጥለው ተውኔት ሌላ ቀለም ተደርቦበት ይወጣል። ከበጀት አንጻር የሚነቀፍ አሠራር አይደለም።

ልማዱም የእኛ ብቻ አይደለም። በ1598 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የአንድ የለንደን የቴያትር ቡድን ንብረት ዝርዝር አለት፣ መቃብርና የሲኦል አፍ ሳይቀር ይዟል። እነዚህ ከተውኔት ወደ ተውኔት ቢዘዋወሩ ጉዳት አልነበረውም፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ቦታን የሚሥለው በዋናነት ቃለ ተውኔቱ ነበር። የእኛ የኮሌጅ መድረክ ግን እውነታዊ ነኝ ባይ ስለሆነ ግድግዳው ይናገራል።

ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጫግኒ፣ ተማሪዎች የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ሲያቀርቡ ተመልክቻለሁ። እንደሚታወቀው ከመኳንንት ቤት የተወለደው የተማረ ወጣት ገጠር ወርዶ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ይቆርጣል፤ አክስቱም ይቃወማሉ። አዘጋጁ ያቆመው ግን ከቀድሞ ትርኢት የተረፈ፣ ባለ ቅስት መስኮትና ባለ ሶፋ የከተማ ሳሎን ነበር። አክስትየዋ ሲገቡ የሚያስደነግጣቸው ነገር የለም፤ ቤቱ ከእርሳቸው ቤት ሳይሻል አይቀርም! በዚህም የተነሣ የመደብ ግጭቱ ወደ ተራ የቤተ ዘመድ ጭቅጭቅ ወረደ። ተዋንያኑ ደካሞች አልነበሩም፤ የተሸነፉት በግድግዳው ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ግድግዳው ደራሲ መሆኑ ነው። ተማሪዎቼ የሚያቀርቡልኝ ተውኔቶች አብዛኞቹ ሳሎን ውስጥ ተጀምረው ሳሎን ውስጥ ያልቃሉ። ምነው ቢባል ግምጃ ቤት ያለው ሳሎን ነዋ! አማርኛና አውኚ እየተቀያየሩ የሚነገሩበትን ገበያ የሚያውቅ፣ በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን እያየ ያደገ ተማሪ ሶፋ ላይ ስለተቀመጡ ባልና ሚስት ይጽፋል። (ፈረስ መድረክ ላይ ይውጣ ማለቴ አይደለም፤ ፈረሰኛው ግን ሊወጣ ይችላል።)

ስለዚህ መደገሙ ይቅር አልልም፤ የሚደገመው ምን ይሁን ነው ጥያቄዬ። ሥዕል የሌለባቸው፣ እንደ ልብ የሚገጣጠሙ ማዕቀፎች ቢቀመጡ የማንም ሳሎን አይሆኑም። በአዊ ደጋ ቀርከሃ ሞልቷል፤ አጥር፣ ጎተራና መቀመጫ ይሠራበታል። የተፈተለ የቀርከሃ መጋረጃ በመብራት አቅጣጫ ብቻ አንዴ የእስር ቤት፣ አንዴ የጎጆ ግድግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሳሎኑን ላለመጣል ለሚሹ ደግሞ ቢያንስ በእያንዳንዱ ማዕቀፍ ጀርባ የቀድሞው ተውኔት ርእስ ይጻፍበት፤ አዲሱ አዘጋጅ ቀለም ከመደረቡ በፊት ያንን ተውኔት ያንብብ።