ከፍታና ልክነት፦ የዊትኒ ሂውስተንና የማራያ ኬሪ ከፍተኛ ኖታዎች በምን ይመዘኑ?

የዊትኒ ሂውስተንና የማራያ ኬሪ ስም አብሮ በተነሳ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይደባለቃሉ። አንዱ ማን ከፍ ያለ ኖታ መታ የሚል ነው፤ ሌላው ማን ልኩን መታ የሚል። የመጀመሪያው የድምፅን ወሰን፣ ሁለተኛው ቁጥጥርን ይመለከታል። አሁን አሁን ደግሞ የስልክ መቃኛ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ይደገንና መርፌው ወደ ግራ ሲያዘነብል «ፍላት ሆነች»፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል «ሻርፕ አደረገች» ተብሎ ይፈረዳል። እንዲህ ያለው ፍርድ ዘፈኑን ሳይሰማ የተሰጠ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ መደናገር በቅድሚያ ይጥራ። ዘፋኟ ሚኒ ሪፐርተን እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ አልበሟ ውስጥ ባለው «ላቪን ዩ» የምትደርስበት ጫፍ ኤፍ ሻርፕ ነው፤ 1,480 ኸርዝ ገደማ። እዚህ ላይ ሻርፕ የኖታው ስም ነው፣ በኤፍና በጂ መካከል ያለው ጥቁር የፒያኖ ቁልፍ። ዘፋኝ ሻርፕ ሆነች ሲባል ግን ካሰበችው ኖታ በላይ አለፈች ማለት ነው፤ ፍላት ሆነች ሲባል ከበታቹ ቀረች ማለት ነው። ኤፍ ሻርፕንም ፍላት አድርጎ መዝፈን ይቻላል።

መጠኑም ያሳስታል። በ440 ኸርዝ ላይ ባለው ኤ የ10 ኸርዝ መዛነፍ የግማሽ ድምፅን አንድ ሦስተኛ ያልፋል፤ ደህና ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ሁለት ኦክታቭ ወጥተን በ1,760 ላይ ስንለካው ያው 10 ኸርዝ የግማሽ ድምፅ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሌክሳንደር ኤሊስ ያስተዋወቀው ሴንት ግማሹን ድምፅ በ100 ይከፍላል፤ በእሱ ሲለካ የመጀመሪያው መዛነፍ 39፣ ሁለተኛው 10 ሴንት አካባቢ ነው። የዊትኒን ከደረት የሚወጣ ድምፅ ከማራያ ፉጨት መሰል ድምፅ ጋር በኸርዝ ቆጠራ የሚያነጻጽር ሰው ማራያን ገና ከመነሻው በድሏታል።

ሴንትም ቢሆን ድምፁ የት ላይ ይለካ የሚለውን አይመልስም። ዊትኒ ያደገችው በኒውርክ ኒው ሆፕ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ እናቷ ሲሲ ሂውስተን በምትመራቸው መዘምራን መካከል ነው። በጎስፔል ወግ ኖታ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተነስቶ፣ ተንሸራቶ ይያዛል። በ1992 በወጣው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ዝምታውን ከበሮ ሰብሮት ዜማው ከኤ ሜጀር ወደ ቢ ሜጀር ሲወጣ፣ አድማጭን የሚያስደነግጠው ከፍታው ብቻ አይደለም፤ አወጣጧም ነው። መቃኛው ያን መንሸራተት በፍላትነት ይመዘግበዋል፤ ጆሮ ግን መድረሻውን ይጠብቃል። ከደረሰችም በኋላ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ቪብራቶ በሴኮንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል እየተወዛወዘ ከመሐሉ ወደ ላይም ወደ ታችም 50 ሴንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። የምንሰማው አማካዩን ነው። ቅጂውን በአንድ ቅጽበት አቁሞ «ይኸው ሻርፕ» ማለት ዥዋዥዌን ጫፉ ላይ ፎቶ አንስቶ ተጣሟል እንደ ማለት ነው።

ለሃያሲ ከመዛነፉ መጠን ይልቅ አቅጣጫው ይበልጥ ይናገራል። ትንፋሽ በኃይል ሲገፋ ከድምፅ አውታር በታች ያለው ግፊት ኖታውን ወደ ሻርፕ ይስበዋል፤ ትንፋሽ ሲያልቅ ወይም ጉሮሮ ሲደክም ረጅሙ ኖታ መጨረሻው ላይ ይዘቅጣል። በድምቀት የሚዘፍን ሰው ልኩን ይዞም ሻርፕ፣ ድምፀ ደብዛዛው ደግሞ ፍላት መስሎ ሊሰማ ይችላል።

ሁለቱ ሴቶች በ1998 «ዘ ፕሪንስ ኦፍ ኢጂፕት» ለተባለው ፊልም «ዌን ዩ ቢሊቭ»ን አብረው ዘፍነዋል። ድምፅ ሲደረብ መለኪያው ራሱ ይቀየራል፤ ንጹሕ ሜጀር ሦስተኛ ከፒያኖው በ14 ሴንት ያህል ዝቅ ስለሚል፣ ከአቻዋ ድምፅ ጋር ለመዋሃድ ወደዚያ የወረደች ዘፋኝ በስልክ መቃኛው ዓይን ጥፋተኛ ናት። በእኛም ዘንድ በክራር የተቃኘ አንቺሆዬ በዚህ መሣሪያ ቢመዘን፣ ስህተት ተብሎ የሚቀርበው ቅኝቱ ራሱ ይሆናል።

በ1991ዱ «ኢሞሽንስ» ማራያ የደረሰችበት ኢ 2,637 ኸርዝ ገደማ ነው። ጆሮ የሚደገፍበት የኖታው ቀጣይ ተደራቢ ድምፅ (ኦቨርቶን) ከ5,000 ኸርዝ በላይ ይወድቃል፤ በዚያ ክልል ደግሞ የጆሯችን የኖታ መለየት ችሎታ ይደክማል። እዚያ ከፍታ ላይ ማራያን ማድነቅ ከመመዘን ይቀላል፤ አድናቂዎቿ በልበ ሙሉነት የሚሰጡትን የልክነት ምስክርነት በጥርጣሬ የማየው ለዚህ ነው።

ከ1997 ወዲህ ደግሞ የተዛነፈ ኖታን የሚያርመው ኦቶቲውን አለ። ዘፋኟ ሼር በ1998 በ«ቢሊቭ» ሆን ብላ አጉልታ አሰማችው እንጂ፣ በአብዛኛው ሳይታወቅ ነው የሚሠራው። ከዚያ በፊትም ስቱዲዮ ከብዙ ቅጂ የተሻለውን እየመረጠ ይቀጣጥል ነበር፤ ሆኖም የተመረጠውን ኖታ ያወጣው ጉሮሮ ነበር። ስለዚህ የዛሬ ዘፋኝን የስቱዲዮ ቅጂ ከዊትኒ የ1992 ቅጂ ጋር ማስተያየት ፍትሐዊ አይደለም። የመድረክ ቅጂ ከመድረክ ቅጂ ጋር ይነጻጸር ቢባልም፣ ማረሚያው ዛሬ መድረክ ላይም በቀጥታ ይሠራል።