እነማን ሞተው የተሠራ ሠንጠረዥ?

የሞት ሠንጠረዥ ሳነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው እነማን ሞተው እንደተሠራ ነው። መልሱ ደግሞ አብዛኞቻችን ዘለን በምናልፈው የመግቢያ ገጽ ላይ ይገኛል። ለሒሳቡ ብዙ አልጨነቅም፤ የዲክሰን፣ ሃርዲና ዎተርስን መጽሐፍ በወጉ ያጠና ሰው ቀመር አይቸግረውም።

የብሪታንያውን ኤኤም92 እንውሰድ። ከ1991 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. በነበሩ የሕይወት መድን ገቢ ወንዶች ላይ የተመሠረተ ነው። 60 ዓመት ላይ በዓመት ውስጥ የመሞት ዕድልን የሚገልጽ ሁለት ቁጥር አለ፤ 0.005774 እና 0.008022። የመጀመሪያው ጤንነቱ ተጣርቶ ገና ውል ለፈረመ፣ ሁለተኛው ከፈረመ ሁለት ዓመት ላለፈው ነው። ታማሚው በማጣሪያው ስለሚቀር አዲስ ገቢው ለጊዜው ብዙም አይሞትም። ያለ ምርመራ በጅምላ ለሚገቡ ሠራተኞች የመጀመሪያውን የወሰደ ሰው መድኑን ከዋጋው በታች ይሸጣል።

ወደ እኛ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሂዩማን ሞርታሊቲ ዳታቤዝ የተሟላ የሞት ምዝገባ ስለሚጠይቅ ኢትዮጵያ የለችበትም፤ በአዲሱ ሕግ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ቆጠራው አለ፤ ግን 30፣ 40፣ 50 ላይ ሕዝቡ ይከመራል፣ 39 እና 41 ላይ ይሳሳል። የተወለዱበትን ዘመን በድርቁና በዘመቻው የሚያስታውሱ እናት ዕድሜያቸውን ቢያጠጋጉ ምን ይገርማል? ከመጠቀማችን በፊት ማለስለስ የእኛ ፋንታ ነው።

ታዲያ የተለመደው አቋራጭ የውጭውን ሠንጠረዥ በሆነ መቶኛ ከፍ ማድረግ ነው። እኔ አላምንበትም። ምክንያቴን ያገኘሁት አክቹዋሪ ለሥራው ብሎ እምብዛም ከማይከፍተው ምንጭ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ መካነ መቃብሮች ቀብር መመዝገብ ጀመሩ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር የጎልማሶች ሞት ምን ያህል እንደቀነሰ ከተለካባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የቀብር መዝገብ ነው። ጎምፐርትዝ በ1825 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የጎልማሳ ሞት ከዕድሜ ጋር ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ከመድኃኒቱ በፊት የነበረው የአዲስ አበባ የሞት መስመር ግን በ30ዎቹ ዕድሜ ያበጠ ነበር። እብጠት ደግሞ ጠቅላላውን መስመር በአንድ መቶኛ በማባዛት አይመጣም፤ 30 ላይ የሚበቃው 60 ላይ ይተርፋል።

ዛሬ እብጠቱ ሟሽሿል። በዚያ ዘመን የተሸጡ የረጅም ጊዜ ውሎች ግን እስካሁን በመጠባበቂያ ሒሳብ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ወጣት ባልደረቦቼ የአንድን አሮጌ ውል ዓረቦን ሲያዩ መጀመሪያ የተሸጠበትን ዓመት እንዲመለከቱ አደርጋለሁ፤ የ1994 እና የ2004 ዓ.ም. መድን ገቢዎች ዕድሜያቸው እኩል ቢሆን እንኳ በአንድ ዓምድ አይነበቡም።