ራሱን የተመታ ተማሪ አስታማመም

አንድ ልጅ ከባጃጅ ወድቆ፣ በኳስ ሜዳ ከባልንጀራው ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ወይም በገና ጨዋታ በዱላ ተመትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ደሙን መጥረግና ቁስሉን መስፋት ከሥራችን ሁሉ የቀለለው ነው፤ የሚከብደው ግን ደም ባልፈሰሰበት፣ አጥንት ባልተሰበረበት፣ በሲቲ ስካን እንኳ አንዳች ጉድለት በማይታይበት ጊዜ፣ አንጎሉ በራስ ቅሉ ውስጥ ተናውጦ ሥርዓቱ የታወከበት ይህ ወጣት በእውነት ሕሙም መሆኑን ለወላጁና ለመምህሩ ማስረዳት ነው። «አይ ሐኪም፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ ቁስል እንኳ የለበት፤ ምኑ ነው የታመመው?» ይሉኛል የምሠራባት የሐራ ከተማ አባቶች፤ በቅን ልቡና የሚጠየቅ ጥያቄ ስለሆነም በትዕግሥት ልመልሰው ይገባኛል። የፋርሱ ሐኪም አር-ራዚ አንጎል ሳይቆስል ሥራው ብቻ የሚታወክበት ሕማም መኖሩን ከሺህ ዓመት በፊት ለይቶ አውቆ ነበር። ልጁ ራሱን ሳይስት እንኳ ይህ ሕማም ሊያገኘው ይችላል፤ እንዲያውም የሚበዙት ራሳቸውን አይስቱም።

በአገራችን ራሱን የተመታ ሰው እንዳይተኛ ሌሊቱን ሙሉ እየጎተጎቱ ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። ይህ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ ሐኪም መርምሮ ወደ ቤት ላሰናበተው ልጅ እንቅልፍ መድኃኒቱ ነው። እናት ልትጠብቅ የሚገባት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ራስ ምታቱ እየበረታ ቢሄድ፣ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፣ ቢያንቀጠቅጠው፣ ንግግሩ ቢዘበራረቅ፣ አንድ ወገኑ ቢዝል፣ የዓይኑ ብሌኖች ባይተካከሉ ወይም ቀስቅሰውት አልነቃ ቢል፣ ሳይነጋ ወደ ወልዲያ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም መፍሰስን እንዳያበዙ ይቆዩ።

ዕረፍትም ልክ አለው። ቀድሞ ልጁን በጨለማ ክፍል ለሳምንታት መዝጋት ይመከር ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ስለ አንጎል መናወጥ ሊመክሩ በአምስተርዳም የተሰበሰቡት ሊቃውንት ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያህል ሞባይል ቀንሶ፣ ሩጫና ጥናት ትቶ እንዲያርፍ፣ በዚያው ጊዜም ሕመሙ እስካልባሰ ድረስ ቀስ እያለ መራመድ እንዲጀምር መክረዋል። እኔ ልጁን የምጠይቀው «ራስ ምታትህ ከአሥር ስንት ነው?» ብዬ ነው፤ ከአሥር መታረምን የለመደ ተማሪ ስለሆነ መልሱ ፈጣንና እውነተኛ ነው። እንቅስቃሴ ሲጀምር ሕመሙ ከሁለት ነጥብ ያልበለጠ ጨምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥላል፤ ከዚያ ካለፈ ለዚያ ቀን ያቆማል። የጾም ወራት ከሆነም ውኃና ምግብ አይጉደልበት፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙም ጾምን ታቀልላለች፣ በረመዳንም የታመመ ሰው ሳይጾም ውሎ በኋላ ቀዷ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል።

ትምህርት ቤት ሲመለስ ፈተናው ይበረታል፤ ምክንያቱም መጽሐፍ ባነሰበት ክፍል ትምህርት ማለት በአብዛኛው ከሰሌዳ መገልበጥ ነው፣ ዓይኑን ከሩቅ ሰሌዳ ወደ ቅርብ ደብተር ሺህ ጊዜ የሚያመላልሰው ይህ ሥራ ደግሞ የተናወጠ አንጎልን እጅግ ያደክማል፣ ያዞራልም። ጓደኛው ደብተሩን እንዲያውሰው ማድረግ ምንም ወጪ የሌለው ታላቅ እርዳታ ነው። ስለዚህ ለስም ጠሪው መምህር በምጽፈው ደብዳቤ፣ በመጀመሪያ ግማሽ ቀን እንዲማር፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ በዚያ በቆላው ፀሐይ እንዳይቆም፣ ሲያዞረው በጥላ እንዲያርፍ፣ ፈተናውም እስኪያገግም እንዲዘገይለት እለምናለሁ። መምህራን ሲገባቸው ከእኔ የበለጠ ይራራሉ፤ ችግሩ የሚነሳው ልጁ ጠዋት ደኅና ሆኖ ከቀትር በኋላ ሲፈዝ፣ ሲቆጣ ወይም ሲያለቅስ ሲያዩት ሰነፍ ወይም አስመሳይ ሲመስላቸው ነው። ይህ የጠባይ መለዋወጥ ራሱ የሕማሙ ምልክት ነውና፣ በደብዳቤው ላይ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም።

የልጆቹ ሁሉ ጥያቄ ኳስ ነው። መልሴም አይለወጥም፤ ሙሉ ቀን ተምሮ ራሱን ሳያመው ይዋል፣ ከዚያ ለብቻው ይሩጥ፣ ከዚያ ኳስ ያንከባልል፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ፣ ሕመሙ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ይውረድ፤ ሰው የሚጋጭበትን ጨዋታ ግን ሐኪም ሳይፈቅድለት አይግባ፣ አንጎሉ ሳይድን ሁለተኛ የተመታ ልጅ ሕመሙ ይረዝምበታልና። አብዛኞቹ በአራት ሳምንት ውስጥ ያገግማሉ፤ ያላገገመውን ወላጁ እንደ ዕድል ቆጥሮ ቤት እንዳያስቀምጠው፣ ዳግመኛ ይዞት እንዲመጣ የቀጠሮውን ቀን በካርዱ ላይ አስቀድሜ እጽፍለታለሁ።