የርካሹ ሌንስ ሆድ ዕቃ

ሌንሱን ከጣሪያው ፍሎረሰንት ስር ዘንበል አድርጋችሁ ያዙትና መስታወቱ ውስጥ የሚታዩትን የመብራት ነጸብራቆች ተመልከቱ። አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ከስር ያለው ደግሞ ቢጫማ ነው፤ እጃችሁን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር እርስ በርስ ይተላለፋሉ። ድርቅ ብሎ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ካለ እዚያ ገጽ ላይ የቅብ ሥራው ተዘሏል ማለት ነው። ምንም ያልተቀባ መስታወት ከሚመታው ብርሃን አራት በመቶ ያህሉን በየገጹ መልሶ ይወረውራል። አየር የሚነካቸው አሥር ገጾች ያሉት ሌንስ ቅብ ባይኖረው ከገባው ብርሃን ሲሶው መንገድ ላይ ይቀራል። የባሰው ግን የተመለሰው ብርሃን ነው፤ እዚያው ሆዱ ውስጥ ሲንከራተት ከርሞ የሙሽራውን ጥቁር ሱፍ ግራጫ አድርጎት ይወጣል።

ይህን የምለው ስለ ውድ ዕቃ አይደለም። ሳሪስ ውስጥ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ ባለ ፎቶ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ዮንግኑዎ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። ዮንግኑዎ የቻይና ኩባንያ ነው፤ ብዙ ፎቶ አንሺ መጀመሪያ ያወቀው በፍላሹ ነው። ነጸብራቆቹ በሙሉ ቀለም አላቸው፤ ነጭ የለም።

«ጋሼ፣ ኮፒ ነው አይደል?» አለኝ ሊገዛው ያሰበው የቤቱ ልጅ።

ኮፒማ ነው። ካነን እ.ኤ.አ. በ1990 ካወጣው ባለ ፕላስቲክ ሃምሳ ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ወንድማማች ይመስላሉ፤ ስድስት መስታወት በአምስት ምድብ፣ አደራደሩም ያው። ነገር ግን የካነኑም ሐሳብ የካነን አይደለም። ፓውል ሩዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ለዛይስ ኩባንያ ፕላናር የተባለውን ሌንስ የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ በዘመትንበት ዓመት ነው። ዘዴው የሚያምር ነው፦ ከመካከል ያለውን ቀዳዳ እንደ መስተዋት ይዞ ከፊት ያለውን መስታወት ከኋላ ይደግመዋል። የፊቱ ያጣመመውን መስመር የኋላው ያቃናል፤ የፊቱ ጠርዝ ላይ የበተነውን ቀለም የኋላው ይሰበስባል። ይህ ሁሉ ሆኖ ፕላናር ለብዙ አሥርት ዓመታት ብዙም አልተፈለገም። ምክንያቱ አየር የሚነካው ገጽ መብዛቱ ነበር። የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 የመስታወት ቅብን ካገኘ በኋላ ነው ንድፉ ነፍስ የዘራው። ዛሬ ያ ቅብ የማንም ፋብሪካ ሥራ ነው። ርካሹ ሃምሳ መስታወቱ ላይ የማያሳፍረው ለዚህ ይመስለኛል፤ መቶ ዓመት ያለፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ልዩ ቅርጽ ያለው መስታወት የማይጠይቅ ንድፍ ነው። እዚያ ላይ ልቆጥብ ቢሉ እንኳ የሚቆጠብ ብዙ የለም።

ሸማ ገዢ ጥለቱን ገልብጦ እንደሚያይ ሁሉ ሌንስም ከኋላው ይታያል። የአፐርቸሩን ቅጠሎች ቁጠሩ። የድሮው ካነን አምስት ነበሩት፤ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያሉት አምፖሎች ባለ አምስት ማዕዘን እየሆኑ የሚወጡት ለዚያ ነበር። ዮንግኑዎ ሰባት አደረጋቸው፤ ካነንም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ኤስ.ቲ.ኤም በተባለ ሌንስ ሰባት አድርጎ የፕላስቲኩን ማሰሪያ ቀለበት በብረት ለወጠ። ቅጠሎቹ ከወረቀት የሳሱ፣ የማያብረቀርቁ ጥቁር ናቸው፤ ሲጠቡ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይጋጭ መንሸራተት አለበት፤ መካከል ላይ የሚቀረው ቀዳዳ አንዱ ጎኑ ከሌላው መርዘም የለበትም። የዘይት ወዝ ካለባቸው ያ ሌንስ ፀሐይ ላይ ከርሟል ወይም ከፍተው ነካክተውታል፤ መልሱለት። የያዝነው ደረቅ ነው፣ ቀዳዳውም እኩል።

ታዲያ ርካሽነቱ የት ገባ? የሚንቀሳቀሰው ላይ። የፎከሱን ቀለበት በሁለት ጣት ያዙና ወዲያና ወዲህ በሉት፤ መስታወቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ቀለበቱ ብቻውን ትንሽ ይሄዳል። የፊቱ አፍንጫ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ደብዘዝ ያለ ቤት ውስጥ ሄዶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። የኤፍ 1.8 ነገር ደግሞ ስህተት አይምርም፦ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ጆሮ ላይ ከያዘ ዐይን ይጠፋል። ስቱዲዮ ውስጥ «እስቲ አንዴ እንደገና፣ እትዬ» ይባላል፤ ቀለበት ሲጠለቅ ግን እንደገና የሚባል ነገር የለም።

መስታወቶቹ ቀጥ ብለው መቀመጣቸውን ለማወቅ ከቤት መውጣት ያስፈልጋል፤ ሳሪስ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰፈር ነው። ረጅም የቆርቆሮ አጥር ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ በኤፍ 1.8 አንሱና አራቱን ማዕዘን አስጠግታችሁ እዩ። አራቱም እኩል ቢደበዝዙ ያ የንድፉ ጠባይ ነው፤ ኤፍ 4 ላይ ይስተካከላል። ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ ብቻ ከቀለጠ ግን ካሜራውን ዘቅዝቃችሁ ድገሙት። ድብዝዝታው ቆርቆሮው ላይ ካለበት ሳይነቃነቅ ከቀረ እናንተ ናችሁ ቀጥ ብላችሁ ያልቆማችሁት፤ ከካሜራው ጋር ከዞረ ግን አንዱ መስታወት ጠሞ ገብቷል። በርካሽ ሌንስ አንዱ ካርቶን ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጓደኛዬ የገዛው ጥሩ ነው ማለት የእናንተው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ቀጥሎ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሽቦ አለላችሁ። ነጭ ሰማይ ላይ ሽቦውን አንሱ፤ ጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ይወጣል። ኤፍ 2.8 ላይ ከቀነሰ አትደንግጡ፤ የካነኑም እንዲሁ ነው። (መጀመሪያ ጥበቃውን አስፈቅዱ፤ ካሜራ ያየ ጥበቃ ሥራ አያጣም።)

የዋጋውን ነገር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ለውጦታል። ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። ካነን ኤስ.ቲ.ኤሙን ሲያወጣው 125 ዶላር ገደማ ነበር፤ በብር ሲመነዘር ትናንት የሚቻል የነበረው ዛሬ ያሳስባል። እንደዚያም ሆኖ የኮፒው እውነተኛ ተፎካካሪ አዲሱ ሳይሆን ያገለገለው ኦርጅናል ነው። ሻጋታ የሌለው፣ ቀለበቱ የማይላላ ኤስ.ቲ.ኤም በትንሽ ጭማሪ ከተገኘ ያለ ክርክር እሱን እወስዳለሁ። የካነን ሚረርለስ ያለው ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያስብ። ካነን የአዲሱን ማሰሪያ በር አጥብቆ ይዞት ነበር፤ ቪልትሮክስ የተባለው ሌንስ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2022 ለዚያ ካሜራ ይሠራቸው የነበሩትን አውቶ ፎከስ ሌንሶች መሸጥ ያቆመው በካነን ጥያቄ ነው።

ሥራ የምወድ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞተር የሚባል ነገር የሌለው፣ ቲቲአርቲዛን የተባለ ሌላ የቻይና ሃምሳ ነበር። ቀፎው ብረት ነው። ቁጥሮቹ ተቀርጸው ቀለም ሞልቶባቸዋል፤ ጥፍር ብታሳርፉ ጎድጎድ ይላል። ቀለበቱ ሲዞር መጀመሪያውም መጨረሻውም እኩል ይከብዳል፤ ግራና ቀኝ ሲሉት ባዶ ቦታ አይሄድም። አፐርቸሩን የሚያዞረው ቀለበት በየቁጥሩ ቀጭ ይላል። ለሞተሩና ለኮምፒዩተሩ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ብረቱ ውስጥ ገብቷል። በእጄ ይዤ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ለደቂቃ አላመነታም።

ልጁ ግን የሚያነሳው ከቤት ውስጥ ነው፦ የመታወቂያ፣ የምረቃ፣ የልጆች ልደት። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ሃምሳ ላይ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ገደማ ስለሚሆን ዮንግኑዎው አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባለታል፤ የሚቸኩልም ሰው የለበትም። «ግዛው» አልኩት። «ነገር ግን ካርቶኑን ሳትጥል ነገ ጠዋት ቆርቆሮው ጋ ውሰደውና እይው፤ ሻጩም ካልሆነ እንደሚለውጥልህ ዛሬውኑ አስምለው። ቅዳሜ ሰርግ ካለብህ ደግሞ የጓደኛህን ኦርጅናል ተዋስ።»