አምሃ ሪከርድስ፦ የአንድ የግል ሸክላ አሳታሚ ዕድገትና ወሰን

አምሃ ሪከርድስ በ1969 አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ሲጀምር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሸክላ ማሳተም ለግለሰብ የተፈቀደ ሥራ አልነበረም። በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትንም የማሳተምንም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ መብቱን ቢይዝም ብዙም አልሠራበትም፤ በተለይ በ1960ዎቹ በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ የሚሰማው አዲስ ዘፈን ወደ ሸክላ የሚገባበት በር ተዘግቶ ቆየ። ከተማው የውጭውን ሙዚቃ በሸክላ እየገዛ ሲያደምጥ፣ የራሱን ግን በሬዲዮና በመድረክ ብቻ ይሰማ ነበር።

መሥራቹ አምሃ እሸቴ ሙዚቀኛ አልነበረም። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የውጭ ሸክላ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ይህ ለጉዳዩ ትልቅ ትርጉም አለው። ሸማቹ ምን እንደሚፈልግ ያወቀው ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ነው፤ የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ቢወጣ ገዢ እንደማያጣም የተረዳው እዚያው ነው። ድንጋጌውን ተጋፍቶ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ሁለት ዘፈኖች አስቀረጸ፤ ቅጂውንም ወደ ህንድ ልኮ አሳተመ። ሸክላው ሲሸጥ የሚያስቆመው አልመጣም፤ ድንጋጌው በወረቀት ላይ እንዳለ ኃይሉን አጣ።

የድርጅቱ ጥንካሬ ከገንዘብ ይልቅ ከአሠራሩ የመነጨ ይመስላል። የዘመኑ ስመ ጥር ድምፃውያን በአብዛኛው የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ማህሙድ አህመድ በክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ያለፉ ናቸው። ዘፋኙን የሚያሠለጥነው፣ የሚያለብሰውና የሚከፍለው ተቋም ዘፈኑንም እንደራሱ ንብረት ይቆጥር ነበር። አሳታሚው በዚህ መካከል ገብቶ ከዘፋኙ፣ ከአቀናባሪውና ከሆቴል ባንዶቹ ጋር በቀጥታ መዋዋል ጀመረ። ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄን የመሰሉ አቀናባሪዎች ከመንግሥት ተቋማቱ ማርሽ ባንድ ሥርዓት ነፃ ሆነው የሞከሩበት ቦታም ይኸው ሆነ። ዘፋኝና ባንድ አብረው በአንድ ጊዜ የሚቀረጹበት መሣሪያ ውስን ነበር፤ በኋላ አድማጭ የወደደው የድምፁ ሻካራነት ከፊሉ ከዚህ ችግር የመጣ ነው። የባለ 45 ዙር ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑም በመድረክ ሊረዝም የሚችለውን ዘፈን አሳጥሮታል። መግቢያው ቶሎ ያልቃል፣ ሳክስፎኑ ቶሎ ይመልሳል።

በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ሙሉ አልበሞች ወጡ። ለአንድ ሱቅ የሚያስደንቅ ምርት ነው። ከእነዚህ መካከል የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» በ1974 የታተመ ሲሆን፣ ያለ ዘፋኝ የተሠራ የመሣሪያ ሙዚቃ በዚያ ገበያ መውጣቱ አሳታሚው ከሽያጭ ስሌት አልፎ ለመሄድ እንደማይፈራ ያሳያል። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። የሸክላ ኩባንያው ፊሊፕስ ገባ፤ ከዚያም የዓሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት መጣና የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» በ1975 አወጣ። ፉክክሩ አምሃን ጎዳ ከማለት ይልቅ እርሱ የጀመረው ነገር ራሱን የቻለ ዘርፍ መሆኑን አረጋገጠ ማለት ይቀላል።

የዕድገቱ ወሰን ግን ከመነሻው አብሮት ነበር። ማተሚያው ውጭ አገር ነው፤ መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ። ገዢው ደግሞ በአመዛኙ የከተማ ሰው፣ ዘፈኑን ማታ በክበብ ሰምቶ ቀን በሱቅ የሚፈልግ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽቱ ሕይወት ቆመ፤ ሸክላውም ማስታወቂያውን አጣ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ ካሴት ደግሞ እዚያው አገር ውስጥ በቀላሉ ይባዛል፣ ይቀዳልም።

የድርጅቱ ሁለተኛ ሕይወት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሲዲ በአሳታሚው ቡዳ ሙዚክ በኩል ማሳተም ሲጀምር መጣ። ከአምሃ ጋር ተዋውሎ የቀድሞ ሸክላዎቹን መልሶ አወጣ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም ዝናው ከሙዚቃ ወዳጆች ክበብ ወጥቶ ተስፋፋ።

ሂስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በውጭ አገር «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን» የሚባለው ነገር በከፊል የአንድ አሳታሚ ካታሎግ የሳለው መልክ ነው። በተከታታዩ ቅጽ 4 ላይ ሙላቱ የሚገኝ ሲሆን፣ በአገሩ አድማጭ ዘንድ አቻ ያልተገኘለት ጥላሁን ገሠሠ የራሱን ቅጽ ያገኘው በ2004፣ ቅጽ 17 ላይ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የጥላሁን የዘመኑ ሸክላዎች የፊሊፕስ መሆናቸው ነው። ከሸክላው ገበያ ውጭ የቀሩት የክፍለ ሀገር አዝማሪዎች፣ የሬዲዮ ቅጂዎችና ከአብዮቱ በኋላ በደርግ ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን የወጡ ካሴቶችም በዚህ ሥዕል ውስጥ ጠባብ ቦታ ይዘዋል። ጥፋቱ የአሳታሚው አይደለም፤ አምሃ የሠራው ሊሸጥ ይችላል ያለውን ነው። ካታሎጉን እንደ ዘመኑ ሙሉ ታሪክ አድርገው የተቀበሉት በኋላ የመጡ ጸሐፍት ናቸው፤ የዘመኑን ሙዚቃ የሚያጠና ሰውም ከአምሃ ሸክላዎች ጎን የሬዲዮውን ማኅደርና የካሴቱን ክምችት ማድመጥ አለበት።