የአልኸዋሪዝሚ እኩልታና የተተወው መልስ

አልኸዋሪዝሚ በባግዳድ፣ ከ813 እስከ 833 እ.ኤ.አ. በነገሠው በአልማሙን ዘመን የጻፈው መጽሐፍ፣ አልጀብራ የሚለውም ስም የተገኘበት፣ ደንብ ብቻ ከሚዘረዝሩ የመማሪያ መጻሕፍት ይበልጣል እንላለን፤ ደንቡን ከነምክንያቱ ይሰጣልና። የታወቀውን ምሳሌ እንመልከት። የአንድ ቁጥር ካሬና የዚያው ቁጥር 10 እጥፍ ተደምረው 39 ሆኑ። ደራሲው የ10ን እኩሌታ 5ን በራሱ አባዝቶ 25 ያገኛል፤ ከ39 ጋር 64፣ የዚህም ሥር 8 ነው፤ 5 ሲቀነስ 3 ይቀራል። 25 ከየት እንደ መጣ በሥዕል ያሳያል፦ በሁለት ጎኖቹ ስፋታቸው 5 የሆነ ቅጥያዎች የተጨመሩለት ካሬ አንድ ማዕዘኑ ይጎድለዋል፤ ጎዶሎውም 5 በ5 ነው። ቀመሩን በቃሉ ያጠና ተማሪ ይህን ከቶ አያይም።

ሆኖም መጽሐፉ −13ን ትቶታል፤ የካሬ ጎን ከዜሮ አያንስምና። ይህን ጉድለት የሚገልጠው ግራፍ ነው። ከድምሩ 39 ቀንሰን የሚወጣውን ብንሥል፣ መሥመሩ በ−5 ላይ እስከ −64 ይወርዳል፤ አግድሙንም መሥመር በ3 እና በ−13 ያቋርጣል። ሁለቱም ከ−5 እኩል 8 ይርቃሉ፤ ያው ቀድሞ ያገኘነው ሥር ነው። እኩልታን በአንድ ምዕራፍ፣ ግራፍን በሌላ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ይህን 8 ሁለት ጊዜ ያስቈጥሩናል እንጂ አንድ መሆኑን አያሳዩንም።